ላዩ አያታልላችሁ፤ ቆፍራችሁ እዩት

(ሐርቡ ላይ ለገበሬዎች፣ ለወጣት ማኅበራትና ለልማት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

አሰላሙ ዓለይኩም! እንደምን አረፈዳችሁ!

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። እናቶች፣ ወደ ዋርካው ጥላ ግቡ፤ ፀሐዩ ከረር ብሏል። አብሽሩ፣ ብዙ አላቆያችሁም። ለዚህ ቀን ያደረሰን ፈጣሪ ይመስገን።

እኔ እንግዳ አይደለሁም። ያደግሁት እዚሁ ቃሉ ውስጥ፣ ቦርከና ዳር ነው። የአፈር ባለሙያ ብላችሁ ጠርታችሁኛል፤ አመሰግናለሁ። አፈርን መጀመሪያ የተማርኩት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አይደለም። አባቴ ማሳ ላይ ነው።

ዛሬ ስለ ወንዝ ዳር መሬት ነው የምንነጋገረው። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ፣ እዚህ እኛ ጋ ደርሶ፣ ከዚያ በጨፋ ሜዳ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመንገዱ ሁሉ አፈር ያነሳል፣ አፈር ይጥላል። እስቲ ዞር ብላችሁ ሜዳውን እዩት። ለጥ ያለ ነው። ድንጋይ የለበትም። ውሃ ከጎኑ ነው። ይሄን አይቶ የማይጓጓ ማን አለ? እናንተ ወጣቶች፣ ተበድራችሁ ፓምፕ የገዛችሁት፣ ይሄን ሜዳ አይታችሁ አይደለም? እኔም ብሆን እጓጓለሁ። የመጣሁት ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ከመዝራታችሁ በፊት ቆፍሩ። ከመበደራችሁ በፊት ቆፍሩ። ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ቆፍሩ።

አራት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ።

አንደኛው ይሄ ነው። ወንዝ ዳር ያለ መሬት አንድ መሬት አይደለም።

ከላይ ስታዩት አንድ ይመስላል። አይደለም! ወንዝ ሲሞላና ከአልጋው ሲወጣ ምን ያደርጋል? ጉልበቱ ይቀንሳል። ጉልበቱ ሲቀንስ መጀመሪያ ከባዱን ይጥላል። ስለዚህ አሸዋው እዚያው ዳሩ ላይ ይቀራል። ራቅ ሲል ልሙጡን ደለል ይጥላል። ከሁሉም ርቆ፣ ውሃው ጸጥ ብሎ በሚተኛበት ረባዳ ቦታ፣ ሸክላው ቀስ እያለ ይሰፍራል። ከወንዙ ተነስታችሁ ወደ ተራራው ግርጌ መቶ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ብትሄዱ ሦስት ዓይነት አፈር ልትረግጡ ትችላላችሁ። አንዱ ለስኳር ድንች ይሆናል። አንዱ ለሽንኩርት። አንዱ ደግሞ ዋልካ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል።

ቆቦ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ነው ሜዳውን የሠራው። ተራራው ስር ድንጋይና ኮረት ታያላችሁ። ወረድ ስትሉ አሸዋ። ከዚያ ደለል። ሜዳው መሃል ሸክላ። የራያ ቆቦ ገበሬ ይሄን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ሲያስገባ ውሃ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ደለሉንም ነው። የትኛው ጎርፍ ለም አፈር እንደሚያመጣ፣ የትኛው አሸዋ እንደሚያመጣ ለይቶ ያውቃል። ይሄ ትልቅ እውቀት ነው። ማንም አይናቀው።

አሁን የአባቴን ነገር ልንገራችሁ። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ወንዙ ዳር ሁለት ጥማድ መሬት ነበረን። በዚያ ክረምት ማሽላችን እንዴት ያምር ነበር! ራስ ሊያወጣ ተቃርቧል። አንድ ሌሊት ላይኛው አገር ዘነበ። እኛ ጋ ጠብ አላለም። ጠዋት ስንነሳ ማሳው የለም። ማሽላው ተኝቷል፣ በላዩ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ አሸዋ። አባቴ ድንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ምንም አልተናገረም። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጎረቤት ሁሉ «በቃ፣ መሬቱ ሞቷል» አለ። አባቴም እንደዚያ ነበር ያሰበው። በማግስቱ ዓመት ግን አንድ ሽማግሌ መጡና በዱላቸው አሸዋውን ወጋ ወጋ አደረጉት። «አንተ፣ ከስር እርጥብ ነው እኮ። ማሽላ ነው እንጂ እምቢ ያለህ መሬቱ መቼ እምቢ አለ? ስኳር ድንች ሞክርበት» አሉት። ሞከረ። ያን ዓመት የበላነው ስኳር ድንች ነው። የተሸጠውም ስኳር ድንች ነው። ደብተር የተገዛልኝ በዚያ ነው። መሬቱ አልሞተም ነበር። ተቀይሮ ነበር። እኛ ነን መቀየሩን ያላየን።

ስለዚህ ወንዝ ዳር አፈር እንመርምር ስንል ጥያቄው «መሬቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» አይደለም። ጥያቄው «ይሄ ቦታ፣ ይሄ አፈር፣ ለምን ይሆናል?» ነው። ፎገራ ሜዳን ተመልከቱ። ክረምት ውሃ ተኝቶበት የሚከርም ሜዳ ነው። ዛሬ የሩዝ አገር ነው። ውሃውን የሚወድ እህል ተገኘለት።

ሁለተኛው፣ አቆፋፈሩ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ የወጣቶች ማኅበር ወንዝ ዳር መሬት ተሰጠው። ሽንኩርት ሊተክሉ ፈለጉ። ሄድኩ። አየሁ። ቡናማ፣ ልሙጥ፣ ሲይዙት የሚፈረፈር፣ ውብ አፈር ነው። ከላይ ሃያ ሴንቲ ሜትር ናሙና ወሰድኩ። ውጤቱም ጥሩ መጣ። «ትከሉ» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ወር አረንጓዴ ነበር። ልጆቹ ፎቶ እያነሱ ይልኩልኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ውሃ አነሰው ብለው ውሃ ጨመሩ። ባሰበት። ስንነቅለው ሥሩ በስብሷል። ያን ጊዜ ነው ዶማ ያነሳሁት። ስቆፍር አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ግራጫ፣ እንደ ጣውላ የጠጠረ ሸክላ አገኘሁ። ውሃው በሙሉ እዚያ ላይ ቆሟል። ሽንኩርቱ ባሕር ላይ ነበር የተተከለው።

ልጆቹ ብድር ነበረባቸው። ስምንት ቤተሰብ ነው። ምን ልበላቸው? አጠገባችን አንዲት እናት ሣር ያጭዱ ነበር። ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና፣ «ልጄ፣ ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ እነግርህ ነበር። በክረምት እዚህ ቦታ ቀጠማ ነው የሚበቅለው። ቀጠማ በበቀለበት ሽንኩርት ይተከላል እንዴ?» አሉኝ።

ያ ቃል እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አልጠየቅኋቸውማ! ናሙና ይዤ ደሴ ሄድኩ፣ እሳቸውን ግን አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ከመቆፈሬ በፊት ሁሌም ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ሽማግሌ እጠይቃለሁ፦ ውሃ እስከ የት ይመጣል? ስንት ቀን ይተኛል? መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው? ከዚያ ዛፍ አያለሁ። ግራሩ ላይ ጭድና ፌስታል ተንጠልጥሎ ካያችሁ፣ ውሃው እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የሚበቅለውን አያለሁ። ቀጠማና ፊላ ካለ ውሃ ይተኛል። ሰርዶ ብቻ ከሆነ ተስፋ አለ።

ውሃ ስንት ቀን ይተኛል የሚለውን ቀላል አታድርጉት። ማሽላ ጥቂት ቀን ይታገሳል። የበቆሎ ቡቃያ ከሁለት እስከ አራት ቀን ውሃ ከዋጠው አብዛኛውን ጊዜ ያልቃል። ቃሪያና ቦሎቄ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚችሉት።

አሁን ቁፋሮው። ከወንዙ ዳር ጀምራችሁ ወደ ተራራው በቀጥታ መስመር ሂዱ። በመስመሩ ላይ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ጉድጓድ ይኑር። መሬቱ ዝቅ ሲል፣ ቀለሙ ሲቀየር፣ ሣሩ ሲቀየር እዚያ ጨምሩ። ጥልቀቱ ቢያንስ አንድ ሜትር። ማንጎ ወይም አቮካዶ ካሰባችሁ ሜትር ተኩል። ከባድ ነው አትበሉኝ። በደቦ ከሆነ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ለሠርግ ድንኳን ጉድጓድ እንቆፍር የለ?

ጉድጓዱ ውስጥ ምን ታያላችሁ? ግድግዳውን በቢላ ጠረግ አድርጉት። እንደ ተደራረበ እንጀራ ታገኙታላችሁ። እያንዳንዱ ንብር አንድ ጎርፍ ወይም አንድ ዘመን ነው። ወፍራም አሸዋ ካያችሁ አንድ ክፉ ዓመት ነበር ማለት ነው። መሃል ላይ ጠቆር ያለ ንብር ካያችሁ ድሮ መሬቱ እዚያ ነበር፤ ሣር የበቀለበት፣ ምናልባትም የተዘራበት። እኔ እንደዚህ ዓይነት ንብር ውስጥ የሸክላ ድስት ስባሪ አግኝቻለሁ። ከአንድ ሜትር በታች! ሰው ነበረበት። ጎርፉ ቀበረው።

ቀለሙን በደንብ እዩ። ግራጫ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ የመሰለ ቢጫና ቀይ ካለበት፣ ውሃ እዚያ ድረስ ወጥቶ ይቆያል። አሁን በጋ ነው፣ ደረቅ ነው፣ አይምሰላችሁ። ነጠብጣቡ የክረምቱን ይነግራችኋል። ሰላሳ፣ አርባ ሴንቲ ሜትር ላይ ካገኛችሁት ለሽንኩርትና ለቃሪያ አትድፈሩ። ወይ ፈሰስ አውጡለት፣ ወይ ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት፣ ወይ ውሃ የሚችል እህል ምረጡ።

አንድ ሌላ ነገር። ብዙ ሰው «ከስር አሸዋ ካለ ውሃው ይወርዳል፣ ጥሩ ነው» ይላል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከላይ ልሙጥ ደለል፣ ከስር ድንገት ሻካራ አሸዋ ከሆነ፣ ውሃው ላዩ እስኪጠግብ ድረስ ወደ አሸዋው አይገባም። ድንበሩ ላይ ይንጠለጠላል። ሥሩም እዚያ ይቆማል። ስለዚህ ውሃ ስታጠጡ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ እንጂ አንዴ አጥለቅልቃችሁ አትሂዱ።

አፈሩ ምን ያህል ሸክላ እንዳለው በእጃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ጭብጥ አፈር ውሰዱ። ውሃ ጠብ አድርጉና እንደ ሊጥ አሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እየገፋችሁ ጥብጣብ አውጡ። ሳይወጣ ከተፈረፈረ አሸዋማ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሳይሞላ ከተቆረጠ ቀላል አፈር ነው። እስከ አምስት ከሄደ መካከለኛ። ከአምስት ካለፈና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሸክላ ነው። እናቶች ይሄን ከእኛ ይበልጣሉ፤ ምጣድ የሚሠራ ጭቃ የምትመርጥ ሴት ምን ይነገራታል?

ሌላም አለ። ባዶ ሃይላንድ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉና አናውጡት። ከዚያ አስቀምጡት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። ደለሉ በሁለት ሰዓት ገደማ። ሸክላው እስከ ማግስቱም ይቆያል። ንብሩን በማስመሪያ ለኩት። ልጆቻችሁ ይሥሩት፤ የትምህርት ቤት ሥራም ይሆንላቸዋል።

የውሃ አወራረዱን ደግሞ በጉድጓድ ፈትኑ። ሰላሳ ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። ውሃ ሙሉና ይጠጣ። እንደገና ሙሉና በሰዓት ስንት እንደወረደ ለኩ። ከሁለት ተኩል እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ከወረደ መልካም ነው። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ውሃው ይተኛባችኋል።

ሦስተኛው ጨው ነው።

ወንዝ ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው። መስኖ ስናበዛና መውጫ ስናጣ ከፍ ይላል። ወደ ላይ ሲሳብ ጨውን ይዞ ይወጣል። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። አዋሽ ዳር አሚባራ ላይ የሆነው ይሄው ነው። ስንት የጥጥ መሬት በጨው ተጎድቶ ከእርሻ ወጣ! ያ መሬት ሲጀመር ከእኛ ሜዳ ያነሰ አልነበረም። ፀሐይ ላይ መሬታችሁ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካወጣ አትዘናጉ። ላቦራቶሪ ይለኩላችሁ። መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል፤ ከ4 ካለፈ መሬቱ ጨዋማ ይባላል። ሰብሉ ግን እኩል አይችልም። ሽንኩርት ከ1.2 ጀምሮ ምርቱ ይቀንሳል። በቆሎ ከ1.7፣ ቲማቲም ከ2.5። ማሽላ እስከ 6.8 ይታገሳል። አያችሁ? ማሽላ ያደገበት መሬት ሁሉ ሽንኩርት አያበቅልም።

አንዲት ትንሽ ፈተና ልጨምር። የደረቀች የአፈር ጓል በዝናብ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስቀምጡ። አትነካኩት። ጓሏ ዙሪያ ውሃው እንደ ወተት ከደፈረሰ አፈሩ ውስጥ ሶድየም በዝቷል ማለት ነው። ያ አፈር ሲርስ ይታፈናል፣ ሲደርቅ ይጠጥራል። እንዲህ ካያችሁ ባለሙያ ጥሩ።

አራተኛው የሚከብደኝ ነው። ከላይ ምን እየመጣ ነው?

እኛ ከከተማ በታች ነን። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ልጆቻችን እዚያ ሠርተው ይበላሉ። እሱ መልካም ነው። ነገር ግን በከተማዋ በሚያልፉት ለዮሌና ወርካ ወንዞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ሲለፋ የሚገባ ነገር ነው። እነዚያ ወንዞች የሚገቡት ቦርከና ነው። ቦርከና ሲሞላ ደግሞ ወደ ማሳችን ነው የሚወጣው። ደለሉ ብረቱን ይይዛል። ብረት ደግሞ እንደ ፍግ አይበሰብስም። ይከማቻል።

አታርሱ አላልኳችሁም። እርሱ። ግን ሰላጣና ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ከመትከላችሁ በፊት ውሃውንም አፈሩንም አስመርምሩ። ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ከእህል ፍሬ ይልቅ ብረት ይይዛሉ። ይሄን ምርመራ አንድ ገበሬ ብቻውን አይችለውም፤ ውድ ነው። ስለዚህ በማኅበር ጠይቁ። በቀበሌ ጠይቁ። እዚህ ያላችሁ የወረዳ ኃላፊዎች፣ እናንተንም እለምናለሁ፤ ይሄ የልጆቻችን ሆድ ነው።

ስለ ናሙና አሳጥሬ ልናገርና እጨርሳለሁ። ከአንድ ዓይነት መሬት ከአስራ አምስት እስከ ሃያ ቦታ፣ እየተዘዋወራችሁ፣ እስከ ሃያ ሴንቲ ሜትር ውሰዱ። አሸዋውንና ዋልካውን አትቀላቅሉ። ከአውድማ፣ ከኩይሳ፣ ከዛፍ ሥርና ከፍግ ክምር አትውሰዱ። በንጹህ ፕላስቲክ ባልዲ ደባልቁና አንድ ኪሎ ያህል አስቀሩ። አደራ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አትያዙ! የማዳበሪያው ቅሪት ውጤቱን ያበላሸዋል። ጥላ ላይ አድርቁት። ስም፣ ቦታ፣ ጥልቀት ጻፉበት። ከስር ካገኛችሁት ንብርም ለብቻው ያዙ። የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ደሴ አለ። ስለ ዝርያ ደግሞ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቁ፤ ለእኛ ቆላ ማሽላ ብዙ የደከሙ ሰዎች አሉበት። ጎጃም ላይ ኖራ ይበተናል ሲባል ሰምታችሁ ደግሞ ሳታስመረምሩ ኖራ እንዳትበትኑ። የእነሱ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እዚህ ቁጭ ብለን ግን አልመልስም። ትናንት ከሰዓት ልጆቹ ሦስት ጉድጓድ ቆፍረውልኛል፤ አንዱ ወንዙ ዳር፣ አንዱ መሃል ሜዳው ላይ፣ አንዱ ቀጠማው አጠገብ። እኔም ገና አላየኋቸውም። አብረን እናያቸዋለን። እናቶች ቀድማችሁ ውረዱ፤ ቀጠማው አጠገብ ያለውን እናንተ ናችሁ የምታነቡልን። ዶማና ቢላ የያዛችሁ ተከተሉኝ። ውሃ የያዘ ሃይላንድ ያላችሁም አትጣሉት፣ እንፈልገዋለን።